ስለ ከፍተኛ ትምህርት ተማሮች ርዳታና ስለ ምሩቃን ዕዳ

ተማሮች ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚጠሩበት ወራት በደረሰ ጊዜ በየገጠሩ የብዙ ሰው ቤት ይጨነቃል። አባት ለልጁ የመንገድ ገንዘብ እንዲሆን በግ ወይም ጥጃ ይሸጣል፤ እናት ስንቅ ታዘጋጃለች፤ ዘመድና ጎረቤትም ዐቅሙ እንደ ፈቀደ ይጨምርበታል። ልጁም ካልለመደው አገር ደርሶ ከዩኒቨርሲቲው በር በገባ ጊዜ ምግብና መኝታ ተዘጋጅቶለት ያገኛል። ነገር ግን ከዚያው ጋራ አንድ የውል ወረቀት ይቀርብለታል፤ እርሱም ባልንጀራው ሲፈርም አይቶ ይፈርማል። ያ ወረቀት የዕዳ ውል ነው። ዕዳው ስንት እንደ ሆነ፥ መቼና በምን መንገድ እንደሚከፈል፥ ሳይከፈል የቀረ እንደ ሆነም ምን እንደሚያስከትል አጥብቆ የጠየቀ ተማሪ ብዙ አይመስለንም። ስለዚህ መንግሥት ለከፍተኛ ትምህርት ተማሮች የሚሰጠው ርዳታ ምን ዐይነት እንደ ሆነና ወደ ፊትም እንዴት ቢሆን እንደሚሻል ጥቂት ቃል ለመናገር አሰብን።

በአገራችን ተማሪን መርዳት አዲስ ነገር አይደለም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት በነበረው ረዥም ዘመን የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ከደብር ወደ ደብር እየዞረ ንባቡን፥ ዜማውን፥ ቅኔውንና ትርጓሜውን ሲማር የመገበው ሕዝቡ ነው። ከየደጁ ቁራሽ የሰጡት ሰዎች ገንዘባቸው እንዲመለስ አልጠየቁም፤ ውልም አላጻፉም። ይሁን እንጂ ተማሪው ዕዳ አልነበረበትም ማለት አይቻልም። ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ መሪጌታ ወይም ቄስ ሆኖ በማገልገል፥ ይልቁንም ወንበር ዘርግቶ የሌላውን ሰው ልጅ በማስተማር፥ የበላውን እንጀራ በዕውቀት ይመልስ ነበር። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ የሚማር ሰው በሚማርበት ጊዜ መመገብ እንዳለበት ነው። ሁለተኛው፥ የተማረ ሰው በሚችልበት ጊዜና በሚችለው መንገድ ለመገበው ሕዝብ መመለስ እንዳለበት ነው። ከዚህ የቀረው ሁሉ የአሠራር ጉዳይ ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በተከፈተ ጊዜ፥ ኋላም በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በተቋቋመ ጊዜ፥ ተማሮቹ እጅግ ጥቂቶች ስለ ነበሩ የመንግሥት ግምጃ ቤት የትምህርታቸውን ወጪ ለመሸከም ብዙ አልከበደውም። ቢሆንም ያን ጊዜም ቢሆን የተማረው ሰው ለሕዝቡ ምን ይመልሳል የሚለው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለው ሥርዐት ተጀምሮ ተማሮቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየወጡ፥ የሚበዙትም አስተማሪ እየሆኑ፥ እንዲያገለግሉ የተደረገው ከዚህ አሳብ የተነሣ ነው። ይህም ዕዳን በገንዘብ ሳይሆን በሥራ የመክፈል መንገድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዘመኑ ተለወጠ። ለብዙ ጊዜ ሁለት ብቻ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች፥ ይኸውም የአዲስ አበባና የአለማያ፥ ዛሬ ሐረማያ የሚባለው፥ ቁጥራቸው እየበዛ ሄዶ ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆነዋል። ወጪውን ሁሉ ግምጃ ቤቱ ብቻውን ሊሸከመው ስላልቻለ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351 የወጪ መጋራትን ሥርዐት አስገባ። የሚኒስትሮች ምክር ቤትም በደንብ ቁጥር 91 ዝርዝሩን ወሰነ፤ ከ1996 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮም በሥራ ላይ ዋለ።

የደንቡ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ተማሪው ለማስተማሪያ ከሚወጣው ወጪ ከመቶ 15 የማያንሰውን እጅ፥ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ደግሞ በሙሉ ይጋራል። ገንዘብ ያለው ሰው አስቀድሞ የከፈለ እንደ ሆነ ቅናሽ ይደረግለታል። የሌለው ግን ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ ከወር ገቢው ከመቶ 10 በማያንስ ሂሳብ በ15 ዓመት ውስጥ ይከፍላል፤ ይህም የምሩቃን ግብር ይባላል። ገንዘቡን ከደመወዙ ቀንሶ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ማግባት የአሠሪው ግዴታ ነው። በአስተማሪነትና መንግሥት በሚመርጣቸው በሌሎች ሥራዎች የሚሰማራ ደግሞ በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት ይከፍላል።

ይህ ሕግ በመሠረቱ ትክክለኛ መሆኑን እኛ እናምናለን። ምክንያቱም ይህ ነው፤ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ለማግባት ያልታደለው ገበሬና የቀን ሠራተኛ ስኳርና ጨው፥ ሳሙናና ጨርቅ ሲገዛ የሚከፍለው ቀረጥ ለሌላው ሰው ልጅ ዲግሪ ይውላል። ዲግሪውን ያገኘው ሰው ግን ከዚያ ገበሬ የበለጠ ደመወዝ ተቀብሎ ይኖራል። እንግዲህ የተጠቀመው ሰው ከጥቅሙ ጥቂት መመለሱ በደል አይሆንበትም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፥ ሸክሙን ግምጃ ቤቱና ተማሪው ተካፍለው ቢሸከሙት የሚከተለው ልጅም ተራው ይደርሰዋል።

ነገር ግን መሠረቱ ትክክል የሆነ ሕግ ሁሉ አሠራሩ ትክክል ነው ማለት አይደለም። አሠራሩን ለመመርመርም የሌሎችን አገሮች ልምድ ማየት ይጠቅማል። መንግሥት ለተማሪ የሚሰጠው ርዳታ በዓለም ላይ በአራት ዐይነት ይከፈላል፤ ይኸውም ስጦታ፥ ብድር፥ አገልግሎትና የሥራ ዋጋ ነው። የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1944 ከጦር ሜዳ ለሚመለሱ ወታደሮቻቸው የትምህርት ወጪያቸውን የሚሸፍን ሕግ አወጡ፤ እነዚያ ወታደሮች በአገልግሎት አስቀድመው ከፍለው ነበርና። በ1964 ተማሪው በትምህርት ቤቱ ውስጥ ጥቂት ሰዓት እየሠራ ዋጋ የሚቀበልበትን መንገድ ጨመሩ። በ1972 ደግሞ ለድኻ ልጆች የማይመለስ ስጦታ ደነገጉ፤ ይህም በሴናተር ክሌይቦርን ፔል ስም የሚጠራው ነው፤ በ2024 በጀመረው የትምህርት ዘመን ከፍተኛው መጠን በዓመት 7,395 ዶላር ነበር። ይሁን እንጂ የኮሌጅ ዋጋ ከስጦታው ይልቅ እየፈጠነ ስለ ጨመረ ብዙዎች ወደ ብድር ገቡ፤ ዛሬ የዚያ አገር ተማሮችና ምሩቃን የፌዴራሉ መንግሥት ዕዳ ከ1 ትሪሊዮን 600 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል። ከዚህ የምንማረው፥ ብድር ብቻውን የበዛ እንደ ሆነ ርዳታ መሆኑ ቀርቶ ሸክም እንደሚሆን ነው።

አውስትራሊያ በ1989 ሌላ መንገድ ያዘች። ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት 1,800 ዶላር ዕዳ ይጻፍበት ነበር፤ የሚከፍለው ግን ገቢው ሕጉ ከወሰነው መጠን በላይ በሆነ ጊዜ ብቻ፥ በግብር መሥሪያ ቤት በኩል ነው። ሥራ ያጣ ወይም ደመወዙ ያነሰ ሰው እስኪያገኝ ድረስ ይታገሡታል። የእኛም ደንብ ለዚህ በብዙ ነገር የቀረበ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ ግን በ1974 የጀመረችው የተማሮች ብድር መዝገቡና ሰብሳቢው ስላልጠነከረ ብዙው ገንዘብ ሳይመለስ ቀረ፤ ስለዚህም በ1995 የከፍተኛ ትምህርት ብድር ቦርድ በሕግ አቋቁማ አሠሪዎች ከደመወዝ እየቀነሱ እንዲያገቡ አስገደደች። ከዚህም የምንማረው፥ የማይሰበሰብ ብድር ለሚከተለው ተማሪ የሚተርፍ ምንም ነገር እንደሌለው ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስና ሊታረም የሚገባው ምን እንደ ሆነ እንመልከት።

መጀመሪያ የምግቡ ሂሳብ ነው። ለብዙ ዓመታት ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የተመደበው ገንዘብ እጅግ አነስተኛ ነበር። የገበያው ዋጋ ስለ ወጣ ትምህርት ሚኒስቴር በ2017 ዓ.ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ አደረገው። ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው፤ በራብ የሚማር ልጅ መጽሐፍ ቢገልጥም ፊደሉ አይታየውምና። ነገር ግን ደንቡ የምግብን ወጪ በሙሉ በተማሪው ዕዳ ላይ የሚጽፍ መሆኑን እናስታውስ። በዓመት 300 ቀን በዩኒቨርሲቲ የሚመገብ ተማሪ በቀድሞው ዋጋ የምግቡ ሂሳብ 6,600 ብር ነበር፤ በአዲሱ ዋጋ 30,000 ብር ይሆናል። በአራት ዓመት ቢባዛ ፊተኛው 26,400 ብር፥ ኋለኛው 120,000 ብር ነው። ጭማሪው ሁሉ እንዳለ በውሉ ላይ የተጻፈ እንደ ሆነ፥ በወር 10,000 ብር የሚያገኝ ምሩቅ ከመቶ 10 ሂሳብ 1,000 ብር ቢከፍል ለምግቡ ብቻ 120 ወር፥ ማለት 10 ዓመት፥ ሲከፍል ይኖራል። የመኝታውና የማስተማሪያው ገና አልተነካም።

እንግዲህ መንግሥት በአንድ እጁ የሰጠውን እንጀራ በሌላው እጁ በሙሉ ዋጋው የሚያስከፍል ከሆነ፥ የበለጠ የሚጨነቀው ማን እንደ ሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። የባለጸጋ ልጅ አስቀድሞ ከፍሎ ቅናሹን ይወስዳል፤ የድኻው ልጅ ግን ቅናሽ የሌለውን ሙሉ ዕዳ ተሸክሞ ይወጣል። በዚህ መንገድ የቸገረው ሰው ካልቸገረው የበለጠ ይከፍላል ማለት ነው። ስለዚህ የምግቡ ጭማሪ ለድኾች ልጆች ቢያንስ እኩሌታው የማይመለስ ስጦታ ሆኖ ቢቈጠር፥ እኩሌታው ብቻ በዕዳ ቢጻፍ የተሻለ ነው ብለን እናስባለን። ለሁሉ እኩል ከማደል ይልቅ ለቸገረው አብልጦ መስጠት የግምጃ ቤቱንም ወጪ ይቈጥባል።

ድኻው ማን እንደ ሆነ በምን ይታወቃል የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለድኻ የተባለውን ያለው ሰው በሐሰት ምስክር ሊወስደው ይችላልና። ቢሆንም በየቀበሌው የሚኖረውን ሰው ኑሮ ቀበሌውም፥ የሰበካው ካህንም፥ የመስጊዱ ሽማግሌም ያውቁታል። ቀበሌው ብቻውን ከሚመሰክር ይልቅ እነዚህ በአንድነት ቢመሰክሩ፥ የተረጂዎቹም ስም ዝርዝር በምክንያት የሚቃወም ሰው እንዲቃወም ለዩኒቨርሲቲው ጉባኤ ቢቀርብ፥ ሐሰቱ ፈጽሞ ባይጠፋም እጅግ ይቀንሳል።

ሁለተኛው በእጅ የሚያዝ ገንዘብ ነው። ምግብና መኝታ ያገኘ ተማሪ ሁሉ ችግሩ አልቋል ማለት አይደለም። ሳሙና፥ ደብተር፥ ጫማ፥ ለሴቶች ልጆችም በየወሩ የሚያስፈልጋቸው ነገር፥ ደግሞም ወደ ቤት መመለሻ የመኪና ዋጋ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት ፈተናውን በደኅና ያለፈ ልጅ ትምህርቱን ጥሎ የሄደ እንደ ሆነ፥ መንግሥት ያወጣበት ሁሉ ባከነ ማለት ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት መቶ ተማሮች ሦስት ያህሉ ብቻ ግማሹን ነጥብ እንዳገኙ፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ አምስት ያህሉ ብቻ እንዳለፉ የታወቀ ነው። በዚህ ጠባብ በር ካለፉት ጥቂቶች አንዱን ስለ ጫማና ስለ ሳሙና ማጣት ለአገር የሚበጅ ቈጠራ አይደለም። ለዚህም መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። በቤተ መጻሕፍት፥ በመመገቢያ ቤት፥ በአትክልት ቦታና በጽሕፈት ቤት ያለውን ሥራ ለተቸገሩ ተማሮች በሳምንት ጥቂት ሰዓት እያካፈሉ ዋጋውን በየወሩ መስጠት ይቻላል። ሠርቶ ያገኘ ሰው አይዋረድም፤ ዕዳም አይጨምርበትም።

ሦስተኛው የዲግሪው ወረቀት ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው ተመርቆ በወጣ ጊዜ የሚቀበለው ጊዜያዊ ማስረጃ ነው፤ ዋናው የዲግሪ ወረቀት ግን ዕዳው እስኪከፈል ድረስ ይያዛል። ይህን የሚደግፉ ሰዎች ምክንያት አላቸው፤ መያዣ የሌለው ብድር አይመለስም፥ የኬንያም ታሪክ ይህን ያስረዳል ይላሉ። እኛም ዕዳው መከፈል አለበት በሚለው አንከራከርም። ነገር ግን ደንቡ ራሱ ዕዳው ከደመወዝ እንዲከፈል አዘዘ። ደመወዝ የሚገኘው ከሥራ ነው፤ ሥራውን ለማግኘት ደግሞ ብዙ ጊዜ ማስረጃው ይጠየቃል። ወረቀቱን ይዞ ገንዘቡን መጠበቅ፥ የገበሬውን ሞፈር ይዞ እህሉን እንደ መጠበቅ ነው። ለመያዣ የሚሆን የተሻለ ነገር አለ። ዛሬ ደመወዝተኛ ሁሉ የግብር ከፋይ ቍጥር አለው፤ የፋይዳ መታወቂያም በየአገሩ እየተሰጠ ነው። የተማሪው ዕዳ በነዚህ ቍጥሮች ተጽፎ በግብር መሥሪያ ቤት መዝገብ ቢገባ፥ ሰውየው የትም ቢሠራ ዕዳው ይከተለዋል፤ ወረቀቱም ለባለቤቱ ይሰጠዋል።

አራተኛው ከግቢው ውጭ ስላሉት ተማሮች ነው። የወጪ መጋራቱ ርዳታ የሚደርሰው በመንግሥት ተመድበው በመደበኛው ጊዜ ለሚማሩት ነው። ቀን ሠርተው ማታ የሚማሩት፥ በግል ኮሌጆችም የሚማሩት ሁሉ ከኪሳቸው ይከፍላሉ። በ2015 ዓ.ም. በወጣው የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294 መሠረት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ ራስ ገዝ ሆኗል፤ ሌሎችም ይከተሉታል። ራሱን የሚያስተዳድር ዩኒቨርሲቲ ገቢውን ራሱ መፈለጉ፥ ዋጋም መወሰኑ አይቀርም። እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ ርዳታው ለግቢው መሰጠቱ ቀርቶ ለተማሪው ስም ቢሰጥ፥ ተማሪውም በሚገባው ትምህርት ቤት ሁሉ ይዞት ቢሄድ ይሻላል። ያለዚያ ከፍ ያለው ዩኒቨርሲቲ የከፋዮች፥ የቀሩት የድኾች እየሆኑ መለያየት ይመጣል፤ ይህም በአንድ አገር ልጆች መካከል የሚዘራ ክፉ ዘር ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የእያንዳንዱም ግዴታ መታወቅ አለበት። የዩኒቨርሲቲ ሹማምንት ተማሪው ከመፈረሙ በፊት ውሉን በሚሰማው ቋንቋ አንብበው ያስረዱት፤ በየዓመቱም መጨረሻ የዕዳውን ልክ በጽሑፍ ይስጡት። አራት ዓመት ሙሉ ስንት እንደ ተጻፈበት ያላወቀ ሰው በመጨረሻው ቀን የሚሰማው ቍጥር እንደ ቅጣት እንጂ እንደ ብድር አይታየውም። አሠሪዎች ከሠራተኛው ደመወዝ የቀነሱትን ገንዘብ ሳይዘገዩ ያግቡ፤ ለከፋዩም ደረሰኝ ይስጡ። ከደመወዝ ተቀንሶ ሳይገባ የቀረ ገንዘብ ሁለት ሰው ይጐዳል፤ ከፋዩን ባለዕዳ እንደ ሆነ ያስቀረዋል፤ የሚከተለውንም ተማሪ ርዳታውን ያሳጣዋል። ምሩቃንም ዕዳቸውን እንደ ባዕድ ገንዘብ አይቍጠሩት። የበሉት እንጀራ የአንድ ሰው ላብ ነው፤ የሚመልሱትም ለሌላ ልጅ እንጀራ ይሆናል።

ካህናትና የሃይማኖት መምህራን ደግሞ በዚህ ነገር ትልቅ ድርሻ አላቸው። ብዙ ገበሬ ልጁን ለመስደድ ሲያመነታ ምክር የሚጠይቀው የንስሓ አባቱን ነው። እናንተም በቃላችሁ ምከሩት፤ መንግሥት ምግብና መኝታ እንደሚሰጥ፥ ዕዳው በሥራ ጊዜ እንጂ ዛሬ እንደማይጠየቅ፥ አስተማሪ የሚሆንም በአገልግሎት እንደሚከፍል ንገሩት። የተቸገረ ልጅ ባያችሁ ጊዜ በእውነት መስክሩለት፤ ያልተቸገረ ሰው ስለ መስክሩልኝ በለመናችሁም ጊዜ እንቢ በሉ። ለቆሎ ተማሪ ቁራሽ እንዲሰጥ ሕዝቡን ያስተማሩት አባቶች ናቸውና፥ ይህም የዚያው ሥራ ተከታይ ነው።

የተማረ ይግደለኝ የሚለው የሕዝባችን አባባል ሕዝቡ ለትምህርት ያለውን ክብር ያሳያል። ይህን ክብር የሰጠ ሕዝብ ከተማረው ሰው የሚጠብቀው እንዲጠቅመው ነው። መንግሥትም ተማሪውን ሲረዳ የሚዘራው ዘር ነውና፥ ዘሩ እንዳይበሰብስ ውሃውን በልክ ያድርግ፤ እጅግ ያነሰ እንደ ሆነ ይደርቃል፥ ዕዳው እጅግ የበዛ እንደ ሆነም ቡቃያው ከመሬት ሳይነሣ ይጫነዋል። የምግቡ ሂሳብ ለድኻው ይቅለልለት፤ ውሉ ተነብቦ ይፈረም፤ ዕዳው በመዝገብ ይከተል፤ ወረቀቱ ለባለቤቱ ይሰጥ። ይህ የተፈጸመ እንደ ሆነ ጥጃውን ሸጦ ልጁን የሰደደው አባት የሸጠው በከንቱ አይሆንም።